ከማጠቢያ ቤቱ ወደ ጎመኑ የሚወርደው ውሃ

ያን ሰሞን ሰማዩ አኩርፎ ነበር። ደመናው ጣሪያ ለጣሪያ ተዘርግቶ አይዘንብ፣ አይገለጥ፤ ነፋስ የሚባል ነገር ጠፍቶ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ላብ እንደተጣበቀበት ቀና ብሎ ያያል፣ «ዛሬስ ይጥለው ይሆን?» ይላል፣ ማታም እንደዚያው ሆኖ ይመሻል። ገዳሙ ውስጥ አትክልት ቦታው ዝናብ ሲጠብቅ፣ ማጠቢያ ቤቱ ደግሞ ፀሐይ ይጠብቃል። ሁለቱም አልመጡም።

አጣቢዋ አንሶላ የምታነጣው በፀሐይ ነው። በአመድ ውሃ ቀቅላ፣ ገዳሙ ራሱ በሚያበስለው ሳሙና አሽታ፣ እርጥቡን ሣር ላይ ትዘረጋዋለች፤ የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ፀሐይ ከሌለ አንሶላው ይጸዳል እንጂ አይነጣም። ያን ሰሞን የእንግዳ ቤቱ አንሶላ ሁሉ የሻይ ቀለም ይዞ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። እሷም በታጠበ ልብስ መሀል እየተመላለሰች እንደ ነውረኛ ሰው አንገቷን ትደፋ ነበር።

ገዳሙ የሴቶች ነው። ጋራዦቹና እንጨት መሰንጠቂያዎቹ ካሉበት መንገድ መጨረሻ ላይ፣ በድንጋይ አጥር ተከቦ ተቀምጧል። በዚያ ቤት ውሃ አንዴ ሠርቶ አይሰናበትም። ማጠቢያ ቤቱ ከፍ ካለው ቦታ ላይ የተሠራው አውቀው ነው። የታጠበበት ውሃ በድንጋይ ቦይ ወርዶ፣ አሸዋ በተሞላ ጉድጓድ ተጣርቶ፣ ኩሬ ውስጥ አድሮ አትክልቱን ያጠጣል። ስለዚህ የሱቅ ዱቄት ሳሙናም ሆነ ሌላ መድኃኒት ወደ ገንዳው አይገባም። የጥንቶቹ መነኮሳይት የደነገጉት ነው፤ ባልዲውም መቆፈሪያውም እንደ ቤተ መቅደስ ዕቃ በክብር ይያዝ ብለዋል። አጣቢዋ ይህን መጀመሪያ የነገሯት ቀን፣ «ታዲያ ባልዲዬን በጨርቅ ሸፍኜ ልሳለማት?» ብላ የገዳሙን በረኛ አስቃው ነበር። እያደር ግን ባልዲዋን መወርወር ተወች። እንዴት እንደተወችው ራሷም አታውቀውም።

ወደዚያ የመጣችው ለምናኔ አይደለም። ትምህርት ቤት የሄደችው ማንበብ እስክትችል ድረስ ብቻ ነው። እናቷ ሲታመሙ ከልጆቹ ትልቋ እሷ ነበረችና ደብተሯን አስቀምጣ የታናናሾቿን ልብስ ማጠብ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ማጠቡ አልቆመም። አግብታም ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበረ፤ አንድ ቀን ወደ ወደብ የሚሄድ ጭነት ተከትሎ ወጣ። ጭነቱ ደርሷል ይባላል፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ወሬውን ስትጠይቅ፣ ስትጠይቅ፣ አንድ ጊዜ ላይ መጠየቁ ደከማትና ወንድሟ ቤት ገባች።

ወንድሟ ደግ ነው። ሚስቱም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ «እቴቴ፣ እስቲ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ» ማለት ትወዳለች። አጣቢዋ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ትተኛለች፣ የምትተኛውም እንግዳው ሁሉ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ነው። ማንም «ውጪ» አላላትም። ግን ሰው ቤት የሚኖር ሰው ሳል ሲመጣበት ትራሱ ውስጥ ነው የሚስለው፣ እሷም እንደዚያ ስትስል ዓመታት አለፉ።

ገዳሙ አጣቢ ሲፈልግ የተሰጣት ክፍል ከማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘች ናት። አልጋ፣ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ውሃ የሚፈላበት ምድጃ ከጀርባው ስላለ ግድግዳው ሁልጊዜ ይሞቃል። ከተወለደች ጀምሮ ከውስጥ የምትቆልፈው በር ያገኘችው ያኔ ነው። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳሏን ለቀቀችው፤ እስኪበቃት ሳለች።

ሌላው የወደደችው ነገር ዝምታው ነው። ከማታ ጸሎት ጀምሮ የቁርሱ ደወል እስኪደወል ድረስ በዚያ ግቢ ውስጥ ቃል አይወጣም። በእጅ ይጣቀሳሉ፣ አንገት ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። «እንዴት አደርሽ? ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» የሚላት የለም። እሷ ተቀጣሪ ስለሆነች ሥርዓቱ ባይመለከታትም አብራ ዝም ትላለች።

ደመናው በከበደበት ሰሞን እንግዳ ቤቱ ስብሰባ አስተናግዶ ነበር። ስለ አፈርና ስለ ውሃ አያያዝ ከመነኮሳይት ሊማሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። ጨዋዎች ነበሩ፤ ቦዩን ፎቶ አነሱት፣ ኩሬውን አደነቁ፣ አትክልተኛዋን መነኩሲት ከበው ብዙ ጠየቁ። ሲሄዱ ግን የትራሱ ልብስ በፀጉር ቀለም፣ አንሶላው በሰውነት ቅባት ተነክሮ ቀረ። አንዱማ ቀይ የሳል ሽሮፕ አልጋው ላይ ደፍቶበታል። በማግስቱ ደግሞ ከሌላ ገዳም በዕድሜ የገፉ መነኮሳይት ሊያርፉ ይመጣሉ ተባለ።

አጣቢዋ ቀቀለች፣ አሸች፣ እንደገና ቀቀለች። ቀዩ ወደ ሮዝ ዞረ፣ ሮዙ አልለቅ አለ። ክንዷ ከትከሻዋ ሊወልቅ ደረሰ። አመሻሹ ላይ ከበሩ ማዶ ካለው ሱቅ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገዝታ በቀሚሷ ሸፍና ገባች።

አሳቧ መጥፎ አልነበረም። ንጋት ላይ በትንሿ ገንዳ ትነክረዋለች፤ ውሃውን ወደ ቦዩ ሳትለቅ በባልዲ ቀድታ፣ አጥሩን ዞራ፣ መንገድ ዳር ካለው ፍሳሽ ትደፋዋለች። የመጀመሪያውን ባልዲ እንዳሰበችው ደፋች። ሁለተኛውን ይዛ ስትነሣ ወገቧ ያዛትና ባልዲውን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ገንዳው ገና ሙሉ ነው። «አሸዋው ያስቀረዋል» አለች በልቧ። ውታፉን ነቀለችው።

ውሃው በቦዩ ሲወርድ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ታች፣ አትክልተኛዋ መነኩሲት ቆመዋል። በረኛው በሌሉበት «እማሆይ ጎመን» ይላቸዋል፤ ከጎመን ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ ባይ ነው። ኩሬው በድርቁ ባዶ ስለነበረ ሰሞኑን የማጠቢያውን ውሃ አሳድረው ሳይሆን እንደወረደ ወደ መደቦቹ ይለቁት ነበር። ከቦዩ አፍ ላይ ያለችውን መዝጊያ ሳንቃ ይዘው ውሃውን ሲጠብቁ ነው ያገኘቻቸው። ውሃው ሲደርስ አፍንጫቸውን አነሡ። ቀና አሉ። ከአጣቢዋ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ።

የዝምታው ሰዓት ነበር። አጣቢዋ እጇን ልታወዛውዝ ፈልጋ አላነሣችም። መነኩሲቷም አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሳንቃዋን ወደ ላይ ሳቡ፤ ውሃውም ወደ ችግኞቹ ገባ።

አንሶላው ነጣ። አሮጊቶቹ መነኮሳይት መጥተው ተኙበት፣ አመስግነው ሄዱ።

የጎመኑና የሰላጣው ችግኝ ጫፍ ጫፉ ገረጣ። ቀጥሎ ቅጠሉ እንደተቃጠለ ወረቀት ተሸበሸበ። ቀይ ሥሩ ትንሽ ታገለና እሱም ተኛ። ያ አትክልት የቤቱ ቀለብ ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ በሩ ላይ ቅርጫታቸውን ይዘው ለሚቆሙ ችግረኞችም የሚታደለው ከዚያው ነው። መነኮሳይቱ ተንበርክከው እየነቀሉ ሥሩን አገላብጠው አዩ። አንዷ ትል ነው አለች፣ ሌላዋ ሙቀቱ ነው አለች። እማሆይ ጎመን አብረው ነቀሉ፤ ምንም አላሉም።

አጣቢዋ ከዛሬ ነገ ይናገሩብኛል ስትል ሰነበተች። አልተናገሩም። ቦዩ ዳር ሲተላለፉ ሰላምታ ይሰጧታል፣ እሷም ትመልሳለች፣ ሁለቱም ፊታቸውን ያዞራሉ። የእህል ጣዕም ጠፋባት። ከሥራዋ ይልቅ ያስጨነቃት ክፍሏ ነበር። ካባረሯት የምትሄድበት አንድ ቦታ ነው፤ እሱም የወንድሟ ሶፋ። ማታ ማታ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ትተኛለች። ዝም ካለች ማንም አያውቅም፤ ከሚያውቁት ከእማሆይ በቀር። እሳቸው ደግሞ እስካሁን ዝም ብለዋል። እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ሰነበተች።

አንድ ቀን ጠዋት ከደወሉ በኋላ በረኛው የደረቀ ችግኝ በጋሪ ሲያወጣ በማጠቢያ ቤቱ በር አለፈ። እሷን ያለ ቀልድ አልፏት አያውቅም።

«እመት ሳሙና» አላት፣ «እንግዲህ አንሶላው አልበቃ ብሎሽ ጎመኑንም አነጣሽው?»

ስቆ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። እሱ ምን ያውቃል፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው። እሷ ግን የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ ያላትን ልብስ በአንድ ነጠላ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን አድርቃ፣ ወደ እመምኔቷ ሄደች።

እመምኔቷ አጭር ሴት ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚላቸው ሲያዳምጡ የሰውን አፍ ትኩር ብለው ያያሉ። በረኪናውን፣ ወገቧን፣ ውታፉን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አትክልተኛዋ መነኩሲት ውሃውን አሽትተው እንደነበር ግን አልነገረቻቸውም። የእሷን ጥፋት ለመናገር መጥታ የሰው መጨመር አልፈለገችም።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ከቤቱ ዕቃ የሰበረች ወይም ያበላሸች መነኩሲት ምሳ ከመቅረቡ በፊት መመገቢያው አዳራሽ መሀል ቆማ በአጭሩ ትናገራለች፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሏታል፤ ትቀመጣለች፤ ይበላል። ብርጭቆም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን። አጣቢዋ እኔም ልቁም አለች።

እመምኔቷ ይህ የመነኮሳይት ሥርዓት እንደሆነ፣ ተቀጣሪ ሰው እንደማይገደድ ነገሯት። «የኛ ነገር ነው ልጄ» አሏት። «አንቺን አይመለከትሽም።»

«ጎመኑስ የማን ነበር፣ እማሆይ?» አለቻቸው። «ስበላው እኮ የኔም ነው ብዬ ነበር የምበላው።»

እመምኔቷ አፏን ሲያዩ ቆዩና እሺ አሉ።

አዳራሹ ረጅም ነው፤ ሁለት ረድፍ ገበታ፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ። አጣቢዋ ሁልጊዜ የምትበላው ወጥ ቤት ውስጥ ከበረኛው ጋር ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም። መሀል ላይ ስትቆም ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። በረኪና እንደለቀቀች፣ አትክልቱን የገደለችው እሷ እንደሆነች፣ የበሩ ቅርጫቶችም በእሷ የተነሣ ባዶ እንደሚመለሱ ተናግራ ጨረሰች። መልሱን ስትጠብቅ ከግራ ረድፍ አግዳሚ ተንቋቋ። እማሆይ ጎመን ተነሥተዋል።

«ውሃው ሲደርስ ሸትቶኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ እጃቸው ግን ገበታውን ይዞታል። «አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ሳንቃዋን ባልስባትም ይበቃ ነበር። የዝምታ ሰዓት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለሥርዓቱ ብዬ ግን አልነበረም። ስለ ማጠቢያ ቤቱ ውሃ ስንት ጊዜ አቤት ብዬ የሰማኝ አልነበረም፤ ይኸው ይታይ ብዬ ነው። ችግኞቼን የሸጥኳቸው እሷ አጥፊ ተብላ እንድትያዝልኝ ነው።»

ወደ አጣቢዋ ዞሩ።

«ከዚያም በኋላ አንቺ እስክትናገሪ ጠበቅሁ። አንቺ ስትፈሪ እኔ ደግሞ የጻድቅ ፊት ይዤ እነቅል ነበር።»

ከመነኮሳይቱ ትንሿ «ለማን ነው የምንለው፣ ለማንኛቸው?» ብላ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ስትጠይቅ አዳራሹ በሙሉ ሰማት። እመምኔቷ ራሳቸው ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነከሱ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ፤ ሁሉም ተከተላቸው። አጣቢዋን ከጫፉ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። የምስር ሾርባ መጣ፤ ተበላ።

ከምሳ በኋላ እመምኔቷ ሁለቱንም ቦዩ ዳር ጠሯቸው። ረጅም ምክር አልሰጧቸውም። ከነገ ጀምሮ አትክልተኛዋ ማጠቢያ ቤት፣ አጣቢዋ አትክልት ቦታ እንዲሠሩ ብቻ ነገሯቸው። አንደኛዋ ውሃ የምትለቅበትን ቦታ፣ ሌላዋ ውሃ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ እያየች ብዙ ዓመት ኖራለች፣ ስለዚህ ነው አሉ። እማሆይ ጎመን ፊታቸው ወደቀ፤ ከጎመኖቻቸው መለየቱ ከቅጣት ሁሉ የከፋባቸው መሆኑ ያስታውቃል። ግን እሺ ብለው እጅ ነሡ።

አጣቢዋ ግን መሄጃ አጥታ ቆመች። አትክልት ቦታ የምትሠራ ሰው ማጠቢያ ቤት ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለች? ቋጠሮዋ ገና አልጋው ላይ ነው።

«ክፍሉንስ ለማን ላስረክብ?» አለች።

«ምነው፣ ጠበበሽ?» አሏት እመምኔቷ።

«የአጣቢ ነው ብዬ ነው።»

«ያንቺ ነው እንጂ የገንዳው አይደለም» አሉና በትራቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እማሆይ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት። ስትጨርስ መቆፈሪያው የት እንደሚሰቀል አሳዩዋት፤ ሲያሳዩዋት ድምፃቸው ሆድ እንደባሰው ልጅ ነበር።

ያ ወቅት በቀላሉ አላለፈም። ደመናው ሳይዘንብ ተበተነ። አፈሩን በጉድጓድ ውሃ ደጋግማ አጠበች፣ ብስባሽ በጋሪ አመላልሳ ቀላቀለች፣ ለጊዜው ምንም እንዳትዘራ ተነገራት። ባዶ መሬት መንከባከብ ለእሷ እንግዳ ነገር ነበር። ልብስ ቢያንስ ስታጥቢው ሲለወጥ ይታያል፤ አፈር ግን ምን እንደሚያስብ አይናገርም። ከሁሉ የከበዳት በር ላይ መቆም ነበር። አትክልቱን የሚያድለው የአትክልት ቦታው ሠራተኛ ስለሆነ ቅርጫት ይዘው ለሚመጡት ችግረኞች «የለም» የምትለው እሷ ሆነች። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት «ገዳምም ጎመን አለቀበት?» ብላ ቅርጫቷን ገልብጣ አሳየቻት። አጣቢዋ በሙቀቱ አላመካኘችም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ በሚቀጥለው ወር ነይ አለቻት። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አይታት ሄደች። በወሩ ተመልሳ መጣች፤ ያኔም ገና አልደረሰም ነበር።

ማጠቢያ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እማሆይ የበረኛውን ሰማያዊ ካልሲ ከነጭ ጋር ቀቅለው የመነኮሳይቱን የራስ ሻሽ በሙሉ ውሃ ሰማያዊ አደረጉት። በረኛው ገዳሙ ሰማይ መሰለ እያለ ሰነበተ። እጃቸው ተሰነጣጠቀ። አንድ ማለዳ፣ ከደወሉ በኋላ፣ እርጥብ አንሶላ በትከሻቸው ይዘው ወደ መደቦቹ ወረዱና ይህን ነገር ብቻዋን እንዴት ስትጠመዝዘው እንደኖረች ጠየቋት። መቆፈሪያዋን አስቀምጣ፣ ዘዴው አንደኛውን ጫፍ ከቧንቧው ጋር አስሮ መጠምዘዝ እንደሆነ አሳየቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከባድ ልብስ ሲሆን ይጠሯታል፤ እሷም የማይገባት ቅጠል ስታይ ትጠራቸዋለች። ጓደኞች ሆኑ ማለት ይከብዳል። እማሆይ ዛሬም ስትኮተኩት ቆመው ሲያዩ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ንጋት ላይ ግን፣ ውሃ ከመለቀቁ በፊት፣ እማሆይ በመስኮቱ ብቅ ይላሉ፤ እሷ ታች ሆና እጇን ታነሣለች፤ ያኔ ውታፉ ይነቀላል። ዝምታው አይፈርስም።

ወንድሟ አንድ እሑድ ሊያያት መጥቶ ፀሐይ ያጠቆረውን ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። በዚህ ዕድሜሽ ቁፋሮ ምን ያደርግልሻል፣ ነይ ቤትሽ ግቢ፣ ልጆቹም አድገው ወጥተዋል፣ አሁን ባዶ ክፍል አለ አላት። ከልቡ ነው። እሷም ከልቧ አመሰገነችው። ይህን ከዓመታት በፊት ብሏት ቢሆን ኖሮ እየሮጠች ትሄድ ነበር። እንድትመነኩስ ያባበሏትም ነበሩ፤ ለእነሱም ደክሞኛል፣ ለመነኩሲት የሚሆን ጉልበት የለኝም ብላ መለሰች። የሚገርመው፣ ውሸቷን አልነበረም። ደክሟታል። የተሻለ ነገር ይመጣል ብላም አትጠብቅም። ብቻ የምትደክምበትን ቦታ ወዳዋለች።

አሁን እዚያው ገዳም ናት። አትክልት ቦታውን ትይዛለች፤ ሐሙስ ሐሙስ በሩ ላይ ቆማ ታድላለች። እንደ ሌላው ተቀጣሪ ወጥ ቤት ውስጥ ከበረኛው ጋር ትበላለች። የምትኖረው ከማጠቢያ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው።